ጓያ የበቀለበት መጽሐፍ

ቁሐር ሚካኤል፣ ግንቦት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳልህ የሱፍ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። እናትህ ሰኪናም ደህና ናት፤ ባለፈው ገበያ ወረታ ሱቃችሁ ውስጥ ስኳር ስትመዝን አገኘኋት። «ልጄ ላንቺ ረጅም ይጽፋል፤ ለኔ ሰላምታ ብቻ» ብላ ተቆጣችኝ። ለእሷም ጻፍላት። ማንበብ ባትችልም ወረቀቱን ይዛ ትውላለች።

መጽሐፉ ደርሶኛል። የጎንደሩ አውቶቡስ ሾፌር ለአባትህ ሰጠው፤ አባትህ በስኳር ከረጢት ጠቅልሎ «ዓባይን በከረጢት ያዥ» እያለ ሰጠኝ። ስለ ወንዞች የሚናገር መጽሐፍ መሆኑን ነግረኸው ኖሯል። ርብም ጉማራም ተጽፈውበታል። እግሬን ያጠብሁበት ውሃ በመጽሐፍ ውስጥ ስሙ ሲጠራ ሳየው፣ የማውቀውን ሰው በችሎት ፊት ሲጠሩት የሰማሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ነገር ልመለስ። እኔ በገጠር የምኖር ባልቴት ስለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምን አውቄ እመክራለሁ ብዬ ዝም ልል ነበር። ነገር ግን ፊደል የለየሁት በአባትህ ሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ መሆኑን አንተው ታውቃለህ። መጀመሪያ ከባንኮኒው ወዲህ ቆሜ ጨው የተጠቀለለባትን ቁራጭ ነበር የማነበው። አንድ ቀን አባትህ «እንዲህ ከምትንጠራሪ ግቢና ከክምሩ ራስሽ ምረጪ» አለኝ። ከዚያ በፊት የተሰጠኝን አነብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምፈልገውን አነበብሁ። ስለዚህ ተማሪዎቹ ወደ መደርደሪያው ይግቡ ማለትህ ለኔ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። በር ሲከፈት ዕቃ ይጠፋል፤ ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ይፈለጋል። በቀጥቃጩ በጎበዜ ላይ የሆነውን ነግሬሃለሁና አልደግመውም። ያን ጊዜ ሰምተህ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ ፊትህንም ሳታዞርብኝ ስለቀረህ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ማንጠግቦሽ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእትዬ ማንጠግቦሽ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለእናቴ ጽፌላታለሁ፤ አባቴ ሲያነብላት ግማሹን እንደሚዘልባት ስለማውቅ፣ ወደ ወረታ ሲወጡ እርስዎ ያንብቡላት።

ምክርዎን ለአቶ ማረው ነገርኋቸው። አቶ ማረው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው። የእርስዎን ስም አልጠራሁም፤ «አንዲት አንባቢ እንዲህ ትላለች» ብቻ አልሁ። አቶ ማረው ክፉ ሰው አይደሉም። መጽሐፍ ይወዳሉ፤ ሰው ሲነካው ነው የማይወዱት። ብዙ ቀን ካመነቱ በኋላ ፈቀዱ።

ቀድሞ አንባቢው ውጭ ሆኖ የመጽሐፉን ስም በወረቀት ጽፎ በትንሽ መስኮት ያቀብለን ነበር። ስሙን ያላወቀ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። አሁን ያ የመስኮት ግንብ ፈርሷል። በቦታው ረጃጅም ጠረጴዛዎች ገብተዋል፤ በያንዳንዱ ላይ መብራት ተተክሏል። በሳጥን ታሽገው የኖሩት የአማርኛ መጻሕፍት የራሳቸው ጥግ ተሰጣቸው። በሩ ድሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር፤ አሁን ከራት በኋላም ክፍት ነው። ወንዶቹ በመስኮቱ ሲጋፉ ሴቶቹ ተማሪዎች ቆመው ይመለሱ ነበር፤ አሁን ገብተው ይቀመጣሉ። ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር።

ጠረጴዛዎቹን ከጽዳት ሠራተኛው ከደረሰ ጋር ነው የተሸከምነው። ደረሰ የሊቦ ሰው ነው፤ የአገሬ ልጅ እያለ ይቀልድብኛል። ተማሪዎቹ ወደ መደርደሪያው ሲጎርፉ አየና፣ «ሳልህ፣ እስረኞቹን ፈታህና እኔን ዘበኛ አደረግኸኝ» አለኝ። የማታው ቁልፍ በእሱ እጅ ነው። ከሥራ በኋላ ፊደል አስቆጥረዋለሁ። ስሙን መጻፍ ነው የሚፈልገው፤ «ሌላው ይቆይ» ይላል። ገና «ደ»ን ነው የያዘው።

አቶ ማረው ግን አንድ ቃል ተናግረዋል፦ «አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ግንቡን መልሼ አሠራዋለሁ።» ስለዚህ የማፍርበትን ነገር ልንገርዎ። መጽሐፍ ወደ ቤት የሚወስዱት መምህራንና ተማሪዎች ብቻ ናቸው። የወንዞቹን መጽሐፍ ለእርስዎ የላክሁት ሳላስመዘግብ ነው። መስከረም ላይ ቆጠራ አለ። እባክዎ ከዚያ በፊት በሾፌሩ እጅ ይላኩልኝ፤ ማንም ሳያየው ከቦታው እመልሰዋለሁ።

አክባሪዎ ሳልህ

ቁሐር ሚካኤል፣ ነሐሴ 24 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳልህ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞሃል? ብርዱስ? አዲስ አበባ ዝናቡ ከኛ ይብሳል ይላሉ፤ ጋቢ አለህ ወይ? እናትህ ታማ ነበር፤ አሁን ድናለች፣ አትሥጋ። እሷን ልጠይቅ ወረታ ወጥቼ ርብ ሞልቶ መንገዱን ዘጋብኝና ሳምንት ያህል እናንተ ቤት ተቀመጥሁ። ለሰው ሁሉ ያንን የጻፍህላትን ደብዳቤ አስነበበችኝ። ለጨው የመጣ ሁሉ ደብዳቤህን ሰምቶ ሄዷል።

ሜዳው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ድረስ ውሃ ነው። ከብቶቹን ወደ ከፍታው አውጥተናቸዋል። የጎረቤቴ ላም ጥጃዋን ውሃ ወሰደባት፤ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ትውላለች።

የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ኪዳን ቀደም ሲል መጥተው ነበር። «ሰዎች፣ ባል የሞተባት ሴት ቤቷን ዘግታ የምታነበው ምንድን ነው? አስማት ትደግማለች እያሉ ነው። እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደ መለስሁላቸው ሌላ ቀን እነግርሃለሁ።

ስለ መጽሐፉ ጠይቀኸኛል። አለ። መንገዱ ሲደርቅ እንነጋገራለን።

በዚህ ወራት አውቶቡስም አይታመንም፤ ሐሙሲት ላይ ጭቃ ይዞት ያደረ አለ። ስለዚህ ብዘገይ አትዘንብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ። ይቅርታ አድርግልኝ ማለቴ ለመዘግየቴ ነው።

ማንጠግቦሽ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 28 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማንጠግቦሽ፤

እንኳን ዘመን ከዘመን አሸጋገረዎ። ሰላምታዬን ስላሳጠርሁ ይቅር ይበሉኝ።

ቆጠራው ተደረገ። የጎደለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያሻኝም። አቶ ማረው ሠራተኛውን ሁሉ ከአዲሶቹ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ሰበሰቡን። «መጽሐፉን ማን እንደ ወሰደው የምታውቁም የምትጠረጥሩም ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ከሳጥኑ ጨምሩ። የማን ጽሕፈት እንደሆነ አልመረምርም» አሉ። ከዚያ ለያንዳንዳችን ቁራጭ ወረቀት አደሉን።

እትዬ፣ ሌባ ሲፈለግ አገሬው የሚሰበሰብበት አውጫጭኝ ማለት ይኸው ነው። ዛፍ የለም፣ ዳኛ የለም፣ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ነው እንጂ ያው ነው። ደረሰ መጻፍ ስለማይችል ወረቀት አልተሰጠውም። ጥጉ ላይ መጥረጊያውን ይዞ ቆሞ ያየን ነበር። አንዱ ጸሐፊ አጎንብሶ ሲጽፍ አይቶ፣ «ፈተና ነው እንዴ? በሉ ሳልህን አትኮርጁ፣ እሱም አያውቅም» አለ። አንድም ሰው አልሳቀም።

ወረቀቶቹ ሲከፈቱ የሚበዙት የእሱ ስም ነበረባቸው። ቁልፉ በእሱ እጅ ነው፣ ማታ ብቻውን ነው፣ ከመጽሐፍ ፊት ቆሞ ፊደል ሲቆጥር ያዩት አሉ። ሌላ ማስረጃ የለም። አቶ ማረው ቁልፉን ተቀበሉትና አሰናበቱት። ደረሰ ቁልፉን ሰጠ። መጥረጊያውን አጥቦ ከቦታው አቆመው።

የግንቡ ድንጋይ ደግሞ ከግቢው አልተነሣም፤ ኅዳር ሲገባ መልሰን እንሠራዋለን ተብሏል።

ወላሂ፣ መጽሐፉን ዛሬ ቢልኩልኝ ነገ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ አገኘሁት ብዬ አወጣዋለሁ። ደረሰም ይመለሳል፣ በሩም ክፍት ይቀራል፣ እኔም እንጀራዬን አላጣም። ለምን አይልኩልኝም? ያስቀየምሁዎ ነገር አለ ወይ?

እኔ በወረቀቴ ላይ ምን እንደ ጻፍሁ ግን አይጠይቁኝ።

ሳልህ

ቁሐር ሚካኤል፣ ጥቅምት 15 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳልህ፤

አላስቀየምኸኝም። አልጠይቅህም።

ነሐሴ ላይ «አለ» ብዬ የጻፍሁልህን ቃል አሁን ልፍታልህ። አባ ገብረ ኪዳን እንደ ጠየቁኝ «መጽሐፍ የሚባል ቤቴ የለም» አልኋቸው። ለካህን ዋሸሁ። ወዲያው እንደ ወጡ ሰው ገብቶ እንዳያይብኝ መጽሐፉን ጎታው ውስጥ ከታች፣ ለዘር ባስቀመጥሁት ጓያ መካከል ቀበርሁት። ጎታዬ በጭቃና በእበት የተመረገ ነው፤ አፉን ሸፍኜበት ወደ እናትህ ዘንድ ሄድሁ። ያ ውሃ መንገድ የዘጋብኝ ሳምንት ቤቴም ገብቶ ኖሯል። ስመለስ የጎታው ሥር ሟሙቷል። ጓያው አብጧል፣ መጽሐፉም አብጧል። ስገልጠው በቅጠሎቹ መካከል የገባችው ጓያ ሁሉ በቅላ ነጭ ሥሯን በወረቀቱ ላይ ዘርግታለች። ጉማራ የተጻፈበት ገጽ አይነበብም።

በጥላ አደረቅሁት። አመድ ነሰነስሁበት። ያልሞከርሁት የለም። ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተኮማተረ። ለዚህ ነው ያልላክሁልህ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ አገኘሁት የምትለው መጽሐፍ አይደለም፤ ከመደርደሪያ ጀርባ ጓያ አይበቅልም።

አፍሬ ዝም ባልሁበት ወር ደረሰ ተባረረ። እኔ እኮ ይህን መንገድ አውቀዋለሁ። አንተ ያን ጊዜ ገና በእግርህ አትሄድም ነበር። የምስለኔው በሬ የጠፋ ጊዜ ቁሐር በሙሉ ከሾላው ሥር ተሰብስቦ ሳይበላ ዋለ። ስም የሚቀበሉት ሰዎች ሲመጡ ሁሉም «ወፌ ነገረችኝ፤ ጎበዜ ቀጥቃጩ ነው» ይላል። በሬውን የነዳው ባሌ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ተራዬ ሲደርስ «የኔም ወፍ እንደ ሰዎቹ ነች» አልሁ። ጎበዜ መዶሻውንና ወናፉን ለዕዳ አስረክቦ አገር ለቀቀ። ይህን ታውቃለህ። የማታውቀው ባሌ ከሞተ በኋላ እንኳ፣ ማንም ሊጎዳው በማይችልበት ጊዜ፣ ዝም ማለቴን ነው። ጊዜ ካለፈ በኋላ ዝምታውን ያቆየው ፍርሃት አይደለም። ዕፍረት ነው። ዕፍረት ሲቆይ እንደ ጨዋነት ይመስላል፤ ሰዎች «ማንጠግቦሽ ጭምት ናት» ይሉኛል።

አሁን የሠራሁትን ልንገርህ። መጽሐፉን ለአንተ አልላክሁትም፤ ለአቶ ማረው ልኬዋለሁ። ደብዳቤም ጽፌላቸዋለሁ፤ ግልባጩን ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። ያንተን ስም አልጻፍሁም። ላድንህ ብዬ አይደለም፤ ከእንግዲህ የሰው ስም ከኔ አፍ አይወጣም ብዬ ነው። ያንተን ቦታ ላንተ ትቼልሃለሁ።

መጽሐፉ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ እንዳይደርስ ይህን ቀድሞ ለሚነሣው ሾፌር ሰጥቻለሁ።

ማንጠግቦሽ

ግልባጭ

ይድረስ ለክቡር አቶ ማረው፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፤

ጌታዬ ሆይ፣ ሳያውቁኝ ስለ ጻፍሁልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በፎገራ በቁሐር ሚካኤል የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። የጠፋባችሁ መጽሐፍ እኔ ዘንድ ነበር፤ ይኸው ከዚህ ጋር መጥቷል። እንዲህ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጎታ ውስጥ ደብቄው ውሃ ገባበት።

ደረሰ የሚባለውን ሰው አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። መጽሐፉን አልነካም። ስሙን ለጻፉበት ሰዎች ይህን እንዲያነቡላቸው እለምንዎታለሁ።

በእኛ አገር ዕቃ ሲጠፋ ሰው ይሰበሰብና «ወፌ ነገረችኝ» እያለ የሌላውን ስም ያወጣል። እኔ ወፍ አይደለሁም። መጽሐፉ እንዴት ወደኔ እንደ መጣ ከኔ አይጠብቁ፤ የሚያውቅ ሰው ከእናንተ ዘንድ አለ፣ የሚናገርም ከሆነ ራሱ ይናገራል። የኔ ስም ግን ከታች አለ።

ሌላም ልመና አለኝ። ግንቡን መልሰው እንዳይሠሩት። መጽሐፉ የጠፋው በራችሁ ስለተከፈተ አይደለም። እኔ በሬን ዘግቼ ስላነበብሁት ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አበረ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማንጠግቦሽ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርሁ። መጽሐፉ ገና አልደረሰም ነበር፤ ሄጄ አቶ ማረው ዘንድ መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም። ይህንንም ይወቁልኝ።

መጽሐፉ ሲደርስ አቶ ማረው እንደገና ሰበሰቡን። ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ሲገልጡት የደረቀች ቡቃያ ወደቀች። በጣታቸው አንሥተው ብዙ አዩዋት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «ጓያ ነው» አሉ፤ «አባቴ ይዘራው ነበር።» ከዚያ ደብዳቤዎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው አነበቡት። ስምዎን ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁ። «መጽሐፉን የላከ ሰው ካለ ይናገር። ዛሬ ወረቀት አላድልም» አሉ።

ተነሣሁ። እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። «እኔ ነኝ» አልሁ። የቀረውን ሁሉ ተናገርሁ፤ አንዷን ብቻ አስቀረሁ።

ያስቀረኋት ይህች ናት፤ ሳይጠይቁኝ ልመልስልዎ። በዚያ ወረቀት ላይ የጻፍሁት የደረሰን ስም ነው። ባዶ ወረቀት ብጨምር ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። መጽሐፉ የት እንዳለ ከሁሉም ይልቅ የማውቅ እኔ፣ ስሙን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍሁ።

ደረሰ ተፈልጎ ተገኘ፤ ገበያ ውስጥ ሸክም ይሠራ ነበር። ሲመለስ አቶ ማረው በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁት፣ ቁልፉንም በእጃቸው ሰጡት። ሰው ከተበተነ በኋላ ከበሩ ሥር ጠበቅሁትና የወረቀቱን ነገር ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ፊቴን አየ።

«ስሜን መጻፍ ሳታስተምረኝ አንተው ጻፍኸው?» አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የእግዜር ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ፊደሉን ግን የማታ ትምህርት ቤት ገብቶ ከሌላ ሰው ይማራል።

እኔን አላባረሩኝም። ከመደርደሪያው አንሥተው ከምድር ቤቱ፣ ሳጥን ከሚወርድበት፣ አደረጉኝ። ግንቡ አልተሠራም፤ ድንጋዩም ከግቢው ወጥቷል። የእርስዎ መጽሐፍ ከመግቢያው አጠገብ በመስተዋት ሥር ተቀምጧል። ተማሪዎች አይተው ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው ሲገቡ አያለሁ። ደግሞ ከጥር ጀምሮ በአገር ቤት የሚኖር አንባቢ ስሙን አስመዝግቦ በፖስታ መጽሐፍ እንዲዋስ ተፈቅዷል። አቶ ማረው ያሉት ይህን ነው፦ «ይቺ ሴት ተመዝግባ ወስዳ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ መርጠቡን ይረጥብ ነበር፤ ሰው ግን አይባረርም ነበር።» የምዝገባ ካርዱን ልኬልዎታለሁ። ከፈለጉ ይፈርሙበት።

ሳልህ

ቁሐር ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳልህ፤

ከደብዳቤው በኋላ በሾፌሩ እጅ የላክሃት ቁራጭ ወረቀትም ደረሰችኝ። ሥራውን ልልቀቅና ወረታ ልመለስ ወይ ብለሃል።

አትመለስ። አባትህ ሱቅ ውስጥ ቦታ ሞልቷል፣ እናትህም ደስታዋን አትችለውም፤ እኔ ግን አትመለስ እላለሁ። ደረሰ በየጧቱ ያይሃል፣ አንተም ታየዋለህ። ይህ ከባድ ነው። እኔ የጎበዜን ባዶ ቤት ላለማየት ወደ ወንዝ የምወርድበትን መንገድ ለወጥሁ። ከዚያ ገበያ የምሄድበትን ለወጥሁ። ይኸው አርጅቼም እየዞርሁ እሄዳለሁ። ደረሰ ፊደል እንድታስቆጥረው ባይወድም ሳጥን ሲከብደው አንሣለት። ካልፈቀደ ተወው።

ካርዱን ፈርሜዋለሁ። ለአባ ገብረ ኪዳንም አሳየኋቸው፤ የዋሸሁትንም ነገርኋቸው። ካርዱን ገልብጠው አዩና፣ «እኔስ እመዘገባለሁ?» አሉኝ። ጠይቅልኝ። መጽሐፍ ሲመጣ ከደጄ ተቀምጬ ነው የማነብ።

ከውሃው የተረፈውን ጓያ ዘርቼው በቅሏል። ለማጨድ ገና ነው፤ ቢሆንም ማጭዴን አወጣሁት። ጎበዜ የሠራው ማጭድ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስሠራበት ኖሬ አልቋል፤ ከገበያ ሌላ መግዛት ስችል አልገዛሁም። ለምን እንዳልገዛሁ ራሴንም ጠይቄው አላውቅም።

ጎበዜ በሕይወት አለ። ጣራ ገዳም ሥር መዶሻ ይዞ ተቀምጧል ብለው ገበያተኞች ነገሩኝ። ነገ ጧት ማጭዱን ይዤ እሄዳለሁ። የሚስልልኝ አይመስለኝም። ከሳለልኝ እጽፍልሃለሁ። ካልሳለልኝም እጽፍልሃለሁ።

ማንጠግቦሽ